ጠይቁን፦ አዲስ ኮከብ አጠገብ ያለው ጋዝ ሲመታ ምን ይወጣዋል?

ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ «አዲስ የሚወለድ ኮከብ ዙሪያውን ያለውን ጋዝ በሾክ ይመታዋል፣ ከዛ ውስጥ ውሃና አልኮል ሳይቀር ይገኛል» የሚል አንድ መስመር ጽፈን አልፈን ነበር፣ አንባቢዎቻችን ግን እኛን አላለፉንም። ከመጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠናል፣ አንዳንዱን አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ሃይስኩል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቴምፕሬቸር ሲወርድ ሪአክሽን ይዘገያል፣ ሞለኪውሎች ሲጋጩ በቂ ኢነርጂ ከሌላቸው ምንም አይፈጠርም ብዬ ነው ለልጆቹ የምነግራቸው። ኮከብ የሚወለድበት ደመና ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ከሆነ እዛ ምን ኬሚስትሪ አለ? አንድ ተማሪዬ መጽሔቱን ይዞ መጥቶ ጠይቆኝ መልሱን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። (መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ እርስዎ ያስተማሩትም ልክ ነው። ደመናው 10 ኬልቪን ገደማ ነው፣ እርስዎ ያሉት ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ማለት ነው፣ በዛ ላይ ጋዙ በጣም ስስ ነው፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሞለኪውል ቢገኝ ነው፣ እኛ የምንተነፍሰው አየር እኮ በዛችው ቦታ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ አለው። ስለዚህ አክቲቬሽን ኢነርጂ የሚጠይቅ ሪአክሽን ሁሉ እዛ ዝግ ነው፣ ሁለት ሞለኪውሎች እንደምንም ቢገናኙ እንኳን ተያይተው ይለያያሉ።

ሁለት መንገዶች ግን ክፍት ናቸው። አንደኛው አዮኖች ናቸው፣ ኮስሚክ ሬይ ሚባሉት ቅንጣቶች ደመናውን በስተው ሲያልፉ ካገኙት ሞለኪውል ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃሉ፣ ቻርጅ ያለው ነገር ደግሞ ጎረቤቱን ራሱ ስቦ ስለሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሙቀት ሳይጠይቅ ነው ሪአክት የሚያደርገው። ሁለተኛው፣ ለዛሬ ወሬያችን ዋናው፣ አቧራው ነው። ይሄ አቧራ ከማይክሮሜትር ያነሰ ቅንጣት ነው፣ ውስጡ ሲሊኬት ማለትም የድንጋይ ዘር ወይ ደግሞ ካርቦን ነው፣ እና በዛ ቅዝቃዜ የነካው ሁሉ እላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀዘቅዝበታል፣ ሃይድሮጅን አተም ቀላል ስለሆነ በረዶው ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል ይቆይና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ላይ ይገጠማል፣ ባሪየሩን ማለትም የአክቲቬሽን ኢነርጂውን ግድግዳ መዝለል ባይችልም በኳንተም ተነሊንግ ሾልኮ ያልፋል፣ እንዲህ እያለ አራት ሃይድሮጅን ሲደመርበት ሜታኖል የሚባለው አልኮል ሆነ ማለት ነው። ይሄ የወረቀት ግምት ብቻ አይደለም፣ ጃፓን ሳፖሮ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2002 ላብ ውስጥ 10 ኬልቪን ላይ ያለ በረዶ ላይ ሃይድሮጅን አተም ሲረጩ ሜታኖል ወጥቶላቸዋል።

ችግሩ ይሄ ሁሉ ሀብት በረዶው ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የምናየው ደግሞ ጋዝ ሆኖ በነፃነት የሚሽከረከረውን ሞለኪውል ነው፣ በረዶ ውስጥ የተያዘ ሞለኪውል አይሽከረከርም፣ ሲግናሉም የለም። እንግዲህ ሾኩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

የሚወለደው ኮከብ ጋዙን ወደ ራሱ ይስባል፣ ግን የሳበውን ሁሉ አይውጥም፣ ከፊሉን በሁለቱ ዋልታዎቹ በኩል በጄት መልሶ ይተፋዋል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በዛ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ደግሞ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 200 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ድምፅ ማለት ያው ግፊት ነው፣ ለጋዙ «የሆነ ነገር እየመጣ ነው ገለል በል» ብሎ ወሬ የሚያደርሰው እሱ ነው። እዚህ ግን ወሬው ሳይደርስ ባለጉዳዩ ራሱ ዱብ ይላል፣ ጋዙ ለመሸሽ ጊዜ ስለማያገኝ እዛው ይጨመቃል፣ ከ10 ኬልቪን ተነስቶ ሺዎች ኬልቪን ውስጥ ይገባል። ሾክ የሚሉት ይሄን ነው።

ያኔ እርስዎ የሚያስተምሩት ኬሚስትሪ ሥራ ይጀምራል። ኦክሲጅን አተም ከሃይድሮጅን ሞለኪውል ጋር ተጋጭቶ ኦኤች ይሆናል፣ ኦኤቹ ሌላ ሃይድሮጅን ሞለኪውል ያገኝና ውሃ ይሆናል፣ ሁለቱም ባሪየር ስላላቸው በ10 ኬልቪን አይታሰቡም፣ ከ300 ኬልቪን ገደማ በላይ ሲሆን ግን ይፈጥናሉ። በዛው ቅጽበት ደግሞ ጋዙ አቧራውን በፍጥነት እየደበደበ በረዶውን ይልጠዋል፣ ለስንት መቶ ሺህ ዓመት የተጠራቀመው ሜታኖል፣ አሞኒያ፣ ፎርማልዲሃይድ ምናምን አንድ ላይ ወደ ጋዙ ይወጣል። ስለዚህ ለልጁ በአጭሩ ይሄን ሊሉት ይችላሉ፦ ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ በረዶው ላይ ያበስላል፣ ሾኩ የበሰለውን ያወጣዋል፣ ከራሱም ሙቀት የሚፈልገውን ይጨምርበታል።

ምሳሌ ከፈለጉ ዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሟን የሚያውቃት ቦታ አለች፣ ኤል 1157 ትባላለች፣ ሴፊየስ በሚባለው የኮከብ ስብስብ አቅጣጫ ከ1100 የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ ነው ያለችው። መሀሏ ገና ያልተወለደ ሊባል የሚችል ኮከብ አለ፣ ጄቱ አቅጣጫውን እየቀያየረ ስለሚተኩስ በመንገዱ ላይ የተመታ የጋዝ ክምር ትቶ ሄዷል፣ ቢ1 እና ቢ2 ይሏቸዋል፣ ቢ2 ቆየት ያለ ምት ነው። ስፔናዊው ራፋኤል ባቺሌርና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ፣ ግራናዳ አጠገብ ፒኮ ቬሌታ ተራራ ላይ ባለው ባለ 30 ሜትሩ የኢራም ቴሌስኮፕ ሲያዩዋት፣ ሜታኖሉ ካልተመታው ጋዝ ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ጨምሮ አገኙት። ቢ1 ላይ ያለው ምት ዕድሜው ሺህ ዓመት ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ነው፣ በኮከብ ሂሳብ ትናንትና ማለት ነው፣ ለዛም ነው የወጣው ሁሉ ገና ሳይቀዘቅዝ የምናገኘው።

ጥያቄ፦ እሺ ማንም ሄዶ ናሙና አላመጣ። ሾክ ነው ያደረገው ትላላችሁ፣ ኮከቡ ራሱ አሙቆት ቢሆንስ? እንደው ልብ ወለድ እንዳይሆን ብዬ ነው። (ኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ከሃዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል፣ መጠርጠር ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሂሳቡን እናድርግ። ቢ1 ያለችው ከኮከቡ በጣም ርቃ ነው፣ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 20 ሺህ ጊዜ ገደማ ደጋግመህ አስበው፣ ኮከቡ ደግሞ ብርሃኑ የፀሐይን ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው፣ በዛ ርቀት ላይ በረዶ ሊያቀልጥ የሚችል ሙቀት ከየት ያመጣል። በዛ ላይ አንድ ሞለኪውል አለ፣ እኔ በግሌ ከአልኮሉም ከውሃውም በላይ የምወደው፣ ሲሊከን ሞኖክሳይድ ይባላል።

ሲሊከን ጸጥ ባለ ደመና ውስጥ በጋዝ መልክ የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም ሄዶ የአቧራው ድንጋይ ውስጥ ተቀምጧል። በረዶውን ማንሳት ቀላል ነው፣ ድንጋዩን መፈልፈል ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ ሾኩ በሰከንድ 25 ኪሎሜትር አካባቢና ከዛ በላይ ካልሄደ ሲሊከኑ በደንብ አይወጣም። የወጣው ሲሊከን ወዲያው ኦክሲጅን ሞለኪውል ወይ ኦኤች ያገኝና ሲሊከን ሞኖክሳይድ ይሆናል፣ እና ቢ1 ላይ መጠኑ ጸጥ ካለው ደመና ጋር ሲነጻጸር በመቶ ሺዎች እጥፍ ነው የሚበልጠው። ሜታኖል ብቻ ያለበት ቦታ ካየህ ምቱ ለስለስ ያለ ነበር ማለት ነው፣ ሲሊከን ሞኖክሳይድ ከተጨመረበት ጠንካራ ነበር፣ እንዲህ እያልክ የፍጥነቱን ልክ ከኬሚስትሪው ታነባለህ።

እንዴት ያዩታል ካልክ፣ ሞለኪውሉ ሲሽከረከር የሬዲዮ ሞገድ ያወጣል፣ የሚያወጣባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ደግሞ የራሱ ብቻ ናቸው። ሲሊከን ሞኖክሳይድ 43.4፣ 86.8፣ 130.3፣ 217.1 ጊጋኸርዝ ላይ ነው ምታገኘው፣ የ43.4 ብዜቶች መሆናቸውን ልብ በል። ሸገርን 102.1 ሜጋኸርዝ ላይ ትከፍታለህ አይደል፣ 86.8 ጊጋኸርዝ ከዛ 850 ጊዜ ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ ሬዲዮነቱ ግን ያው ነው። መስመሩ ደግሞ ቀጭን ነው ወይስ ሰፊ የሚለው ሌላ ማስረጃ ነው፣ ወደ እኛ የሚመጣ ጋዝ ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ያደርገዋል፣ የሚርቅ ዝቅ ያደርገዋል። ጸጥ ባለ ደመና ውስጥ መስመሩ በሰከንድ አንድ ኪሎሜትር እንኳን አይሰፋም፣ ኤል 1157 ላይ ግን በአስር ኪሎሜትሮች ይንጣለላል፣ ይሄ ቆሞ የሞቀ ጋዝ ሊሆን አይችልም፣ የተመታና የሚሮጥ ነው።

አሁን አንድ ብልጥ አንባቢ ሊይዘኝ ይችላል፣ ሾኩ በሰከንድ 50 ኪሎሜትር ቢሄድ ጋዙ ወደ 100 ሺህ ኬልቪን ይግላል፣ በዛ ሙቀት ሞለኪውል የሚባል ነገር ይበታተናል፣ ታዲያ ሜታኖሉ እንዴት ተረፈ? ለብዙ ዓመት ሰዎቹን ያስጨነቃቸው እሱ ነበር። መልሱ ማግኔቲክ ፊልድ ነው። ደመናው ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ቅንጣት አንዷ ወይ ከዛም ያነሰች ብትሆን ነው ቻርጅ ያላት፣ ግን እነዛ ጥቂቶቹ ከማግኔቲክ ፊልዱ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ በእነሱ መሀል የሚሄደው የማግኔት ሞገድ ከሾኩ ይቀድማል። ለሌላው ጋዝ ያልደረሰው ወሬ ለእነሱ ቀድሞ ይደርሳቸዋል ማለት ነው፣ እነሱ ቀድመው ይንቀሳቀሳሉ፣ በመንገዳቸው ያለውን ቻርጅ የሌለውን ጋዝ እየገፉ እያሹ ቀስ በቀስ ያፈጥኑታል። ስለዚህ ጋዙ በአንድ ጊዜ ከመመታት ፈንታ እየተገፋ ይሞቃል፣ እየሞቀ ደግሞ ሙቀቱን በብርሃን እየጣለ ይቆያል፣ ቴምፕሬቸሩ 2000፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ ይያዛል፣ ውሃ ለመሥራት በቂ ነው፣ ሞለኪውል ለማፍረስ ግን አይበቃም። ብሩስ ድሬይን የተባለው አሜሪካዊ በ1980 ይሄን በደንብ ካሰላው በኋላ ነው ሲ ሾክ የሚለው ስም የተለመደው፣ በድንገት የሚመታው ጄ ሾክ ይባላል። እውነተኛ ቦታ ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ነው የሚገኙት፣ ጄቱ ፊት ለፊት የሚገጨው ጫፍ ላይ ጄ፣ ጎን ጎኑን ሲ።

ጥያቄ፦ አልኮል ያላችሁት ሚጠጣው ነው እንዴ? 😂 (እህታችሁ ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አለ። በብዛት ያለው ሜታኖል ነው፣ እሱ ዓይን የሚያጠፋው፣ ሰው የሚገድለው ነው፣ እንኳን ከህዋ ከሰፈርም አይጠጣም። የሚጠጣው ኢታኖልም ግን እዛው ኤል 1157 ቢ1 ላይ እንደተገኘ በ2008 ታትሟል። ጋዜጦች «በህዋ የአልኮል ባህር ተገኘ» ብለው ሲጽፉ እኔ እበሳጫለሁ፣ ምክንያቱም ቢ1 ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አንድ ሁለት የሜታኖል ሞለኪውል ብታገኚ ነው፣ ኢታኖሉ ከዛ በጣም ያንሳል፣ ድምሩ ትልቅ የሚሆነው ቦታው ከስርዓተ ፀሐያችን እጅግ ስለሚሰፋ ብቻ ነው። ካቲካላ አይወጣውም።

ጥያቄ፦ ጀምስ ዌብ የሚባለው የህዋ ቴሌስኮፕ ያነሳውን ከሁለት በኩል እሳት ሚተፋ የሚመስል ኮከብ ፎቶ ስልኬ ስክሪን ላይ አድርጌዋለሁ፣ ልጄ ግን «ማሚ ከለሩ ኤዲት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከገለጻዎ እንደገመትነው ኤችኤች 211 መሆን አለበት፣ በመስከረም 2023 በፈረንጆቹ የወጣው። ልጅዎ ግማሽ እውነት አለው። ፎቶው የተነሳው በኢንፍራሬድ ነው፣ ለሰው ዓይን ከለር የለውም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊልተር እኛ የምናየው ከለር ተሰጥቶታል። ብርሃኑ ግን የውሸት አይደለም፣ የተሳለም ነገር የለም፣ የሚያበራው የተመታው ጋዝ ራሱ ነው፣ ሃይድሮጅን ሞለኪውል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሲሊከን ሞኖክሳይድ። ሃይድሮጅን ሞለኪውል በተለይ 2.12 ማይክሮሜትር ላይ የሚያወጣው መስመር አለው፣ ያንን በደንብ ለማውጣት 2000 ኬልቪን አካባቢ መሞቅ አለበት፣ ስለዚህ ቀስት የሚመስሉት ቅርጾች ጄቱ ፊቱ ያለውን ጋዝ የገጨባቸው ቦታዎች ናቸው።

ቦታው ፐርሴየስ ውስጥ ነው፣ 1000 የብርሃን ዓመት አካባቢ፣ ኮከቡ ገና የፀሐይን 8 ከመቶ ብቻ ነው የሚመዝነው። ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው ጄቱ በአብዛኛው ሞለኪውል ሆኖ መገኘቱ ነው፣ በዕድሜ ከፍ ካሉት ወጣት ኮከቦች ጄት ጋር ሲነጻጸር ዘገም ያለ ስለሆነ፣ በሰከንድ 80፣ 100 ኪሎሜትር፣ በውስጡ ያሉት ሾኮች ሞለኪውሉን ለመሰባበር አቅም የላቸውም። ኮከቡ ሲያድግ ጄቱ እየፈጠነ ወደ አተምና አዮን ይቀየራል። ባይ ዘ ዌይ የዌብ መስታወቶችና ካሜራዎች የተገጣጠሙት ግሪንቤልት ሜሪላንድ ጎዳርድ ነው፣ ከእርስዎ ሰፈር በመኪና ቅርብ ነው፣ ልጁን ይዘው ቪዚተር ሴንተሩን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ እና የምንጠጣው ውሃ ከዚህ ሾክ የመጣ ነው ማለት ይቻላል? (አንባቢ፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ ያምራል ግን አይመስልም። በሾኩ የሚሠራው ውሃ አብዛኛው ከኮከቡ እየራቀ ነው የሚሄደው። ሄርሽል የተባለው የአውሮፓ የህዋ ቴሌስኮፕ ከ2009 እስከ 2013 ሲሠራ ኤል 1448 የተባለ ቦታ ላይ በሰዓት 200 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ የሚወረወር የውሃ እንፋሎት አግኝቷል፣ ወደ ውጭ እንጂ ፕላኔት ወደሚሠራበት ዲስክ አይደለም። ደግሞ ቲዎሪው ኦክሲጅኑ ሁሉ ውሃ ይሆናል ሲል ቆይቶ ሄርሽል ሲለካ በብዙ ቦታ ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ሆነ፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ውሃውን መልሶ እንደሚሰብረው ነው አሁን የሚታሰበው።

የእኛን ውሃ በተመለከተ ጥሩው ፍንጭ ከባዱ ሃይድሮጅን ነው፣ ዲውቴሪየም። በጣም በቀዘቀዘ ቦታ የተሠራ ውሃ ዲውቴሪየም ይበዛበታል፣ በሞቀ ጋዝ የተሠራው አይበዛበትም፣ የባህራችን ውሃ ደግሞ ስርዓተ ፀሐይ ሲጀመር ከነበረው ሃይድሮጅን ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው ያለው። በ2023 አልማ የተባለው ቴሌስኮፕ ቪ883 ኦሪ የተባለ ወጣት ኮከብ ዲስክ ውስጥ ያለውን ውሃ ለክቶ የዲውቴሪየሙ ልክ ከጅራታም ኮከቦች ውሃ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ከምንጠጣው የተወሰነው ከፀሐይ በፊት አቧራ ላይ የተሠራው በረዶ ሳይሆን አይቀርም፣ ሾኩ ያልነካው። ሾኩ የሚጠቅመን ያንን በረዶ ስለሚገልጥልን ነው፣ ሳይነካ ያለውን ማየት ስለሚከብድ የተመታውን አይተን ምን እንደነበረበት እናውቃለን። ቢ1 ላይ ፎስፈረስ የያዙ ሁለት ሞለኪውሎችም ተገኝተዋል፣ ፎርማማይድ የሚባለው ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን የያዘ ሞለኪውልም አለ፣ ይሄን ይዘው «የሕይወት መነሻ» ብለው የሚጽፉ አሉ፣ እኔ ግን ከዛ እስከ ሕይወት ያለው መንገድ በጣም ረጅም ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከእንጦጦ ይታያል? (ዮኒ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ዮኒ፣ እንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የሚታይ ብርሃን ነው የሚያዩት፣ ሜታኖሉንና ሲሊከን ሞኖክሳይዱን አያዩም፣ ለእሱ የሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። የሾኩን ብርሃን ራሱን ግን በእንዲህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል፣ ጆርጅ ኸርቢግና ሜክሲኳዊው ጊየርሞ ሃሮ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ነገሮች ያጠኑት በተራ ፎቶግራፍ ነው፣ በሁለቱ ስም ኸርቢግ ሃሮ ይባላሉ፣ ፎቶው ላይ ያለው ኤችኤችም እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ኤችኤች 1 እና ኤችኤች 2፣ ኦሪዮን ውስጥ ናቸው፣ ኦሪዮን ደግሞ ከታህሳስ እስከ የካቲት ማታ ማታ አዲስ አበባ ላይ ከአናት በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል።

የአገራችን አቀማመጥ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ከኢኳተር ስላልራቅን ሰሜኑንም ደቡቡንም እናያለን። አልማ ቺሊ አታካማ ውስጥ 5000 ሜትር ላይ፣ ከራስ ዳሽን አናት በላይ ነው የተተከለው፣ 66 አንቴና አለው፣ ግን ኤል 1157 ለእሱ በጭራሽ ከአድማስ በላይ አትወጣም፣ ስለዚህ በዝርዝር ያጠኗት ከስፔኑ ቴሌስኮፕ ሌላ ፈረንሳይ አልፕስ ላይ ባለው ኖኤማ በሚባለው ቴሌስኮፕ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሴፊየስ በሰሜን በኩል 30 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፣ በጥቅምት ምሽት ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ፣ የከተማው መብራት ከኋላህ ሲሆን ማለት ነው፣ ኮከቦቹን በዓይንህ ታገኛቸዋለህ፣ ደመናዋን ግን በእንጦጦውም አታያትም።